ምራቅና የጥርስ ድንጋይ (ታርታር)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታርታር ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያው ስኳር፣ ቡናና ሲጋራ ላይ ጣቱን ይቀስራል። ድንጋዩ የሚሠራበት ማዕድን ግን በዋናነት የሚመጣው ከራሳችን ምራቅ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ብሩሹን የት የት ማሳረፍ እንዳለበት ያውቃል። ለዚህ ነው ከአንባቢዎች የሚመጡትን ጥያቄዎች በምራቅ ዙሪያ የሰበሰብኳቸው።

ታርታር ምንድን ነው? ከፕላክ በምን ይለያል?

ጠዋት እንደተነሱ ጥርስዎን በጥፍር ቢፍቁት ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ለስላሳ ነገር ጥፍርዎ ላይ ይቀራል። ፕላክ የሚባለው እሱ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ በዓይኑ ያየው ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሶቹ መሃል የፋቀውን ነጭ ነገር ከዝናብ ውሃና ከምራቅ ጋር ቀላቅሎ፣ ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ ሲመለከት የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አየ። ልብ በሉ፣ ሰውየው በየማለዳው ጥርሱን በጨው የሚያሽ ጥንቁቅ ሰው ነበር።

ፕላክ በብሩሽ ይለቃል። ሳይነሳ ከቆየ ግን ማዕድን እየገባበት ይደነድናል፤ ያኔ ታርታር ሆነ ማለት ነው። ከክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ማዕድን ነው፣ በዋናነት ካልሲየምና ፎስፌት። ከደነደነ በኋላ የፈለጉትን ያህል ቢቦርሹት አይነሳም።

ታዲያ ምራቅ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሁለት ነገር። መሠረቱን ይጥላል፣ ከዚያ ማዕድኑን ያቀብላል።

ከመሠረቱ እንጀምር። ጥርስዎን አጽድተው በጨረሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የሚመጡ ፕሮቲኖች ጥርሱ ላይ ይለጠፋሉ። በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ ለጥርስ ጥሩ ነው፤ ከአሲድና ከፍትጊያ ይከላከልለታል። ችግሩ ባክቴሪያዎችም መያዣ የሚያገኙት እሱው ላይ መሆኑ ነው። በሰዓታት ውስጥ ይሰፍሩበታል፣ ይራባሉ፣ ፕላክ ይሆናሉ።

ቀጥሎ ማዕድኑ ይመጣል። ምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት ምራቁ አሟሙቶ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ነው። በሌላ አባባል ምራቅ ሁልጊዜ ድንጋይ ለመሥራት አፋፍ ላይ ነው። አፋችን በሙሉ ድንጋይ የማይሆነው፣ ምራቅ ውስጥ እንደ ስታተሪን ያሉ ማዕድኑ እንዳይረጋ የሚከለክሉ ፕሮቲኖች ስላሉ ነው። ፕላኩ ውስጥ ግን የእነዚህ ፕሮቲኖች ጥበቃ ይላላል፤ ባክቴሪያዎቹ ሰብረው ይበሏቸዋል።

ከዚያ የአሲድ ነገር አለ። ምራቅ ከሚመነጭበት እጢ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ነው። አፍ ውስጥ አየር ሲያገኘው ጋዙ ያመልጣል፣ የምራቁ አሲድነትም ይቀንሳል። አሲድነቱ በቀነሰ መጠን ካልሲየምና ፎስፌት ሟሙተው መቆየት ያቅታቸዋል፤ እየረጉ ይቀመጣሉ። ማንቆርቆሪያ ግርጌ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገርም በተቀራራቢ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ ኖራው ይቀራል። በዚህ ላይ ምራቅ ውስጥ ዩሪያ (ሰውነት ፕሮቲን ሲጠቀም የሚተርፍ ንጥረ ነገር) አለ። የፕላክ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ሰብረው አሞንያ ያደርጉታል፤ ይህም አሲዱን የበለጠ ይቀንሰዋል።

ታርታሩ ለምን ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ብቻ ይበዛል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱን እዚያው መስታወት ፊት ሆነው ማየት ይቻላልና።

ምላስዎን ወደ ላንቃ ያንሱ። ከምላስ ሥር ያለውን ቦታ በንጹህ ጨርቅ ወይም በሶፍት ያድርቁት። ከዚያ ስለ ሎሚ ያስቡ፤ ካለም ትንሽ ጠብታ ምላስዎ ጫፍ ላይ ያድርጉ። ምላስን ከአፍ ወለል ጋር ከሚያያይዘው ቀጭን ጅማት ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ከእነሱ ጫፍ ምራቅ እንደ ትንሽ ምንጭ ፍልቅ ሲል ያያሉ። ከመንጋጋ ሥር ያሉት ሁለት የምራቅ እጢዎች ምራቃቸውን የሚያፈሱት በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ ያሉት በቀጥታ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ነው። ትኩስ ምራቅ፣ ማዕድኑን እንደያዘ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚያን ጥርሶች ነው።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ከላይ በኩል ነው፤ የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች በጉንጭ በኩል ያለው ጎናቸው። በምላስዎ የላይኛውን መንጋጋ ተከትለው ጉንጭዎን ከውስጥ ቢዳስሱ ትንሽ እብጠት ያገኛሉ። ከጆሮ ፊት ያለው ትልቁ የምራቅ እጢ ቱቦ አፉ እሱ ነው፤ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ።

እነዚህን ሁለት ቦታዎች ይያዙልኝ። ብዙ ሰው ሲቦርሽ የሚተጋው ሲስቅ በሚታዩት ጥርሶች ላይ ነው፤ ታርታር የሚበዛው ደግሞ ማንም በማያያቸው በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ነው።

ፕላክ ታርታር እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ከሰው ሰው ይለያያል። ማዕድን መግባት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ቶሎ የሚደነድንባቸው ሰዎች ላይ በ2 ቀን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ማዕድን ሊይዝ ይችላል። በ12 ቀን አካባቢ በደንብ ጠጥሯል።

ከዚህ የሚከተለውን ይያዙ፤ ዛሬ ማታ ያለፍዎትን ቦታ ነገ ጠዋት ቢያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ገና ለስላሳ ነው። ያው ቦታ ሳምንት ሙሉ ሲታለፍ ነው ነገሩ ከእጅ የሚወጣው። እኔ በግሌ ከብሩሹ ዓይነትም፣ ከሳሙናው ዓይነትም ይህን አስቀድማለሁ፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምንም ቦታ ሳይዘለል።

ምራቅ ድንጋይ ከሠራብን ጠላታችን ነው ማለት ነው?

በፍጹም! ታርታር የሚሠራው ያው ካልሲየምና ፎስፌት ጥርሳችንን በየቀኑ የሚጠግነው ነው። ስንበላና ጣፋጭ ስንጠጣ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ ከጥርሱ የላይኛ ሽፋን፣ ከኢናሜሉ፣ ጥቂት ማዕድን ይወስዳል። ምራቅ አሲዱን ያበርዳል፣ የተወሰደውንም ማዕድን መልሶ ያስገባል። ከዚያም አልፎ ምግብ ያጥባል፣ ጀርሞችን ይቋቋማል፣ ለመዋጥና ለመናገር ያግዛል። አንድ ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመርታል።

አፌ በጣም ይደርቃል። ምራቅ ካነሰኝ ታርታርም ያንሰኛል?

ሊያንስ ይችላል። ግን ደስ አይበልዎት። ምራቅ ያነሰው ሰው ፕላኩ እንዳለ ነው፤ አሲዱን የሚያበርድለት ግን የለውም። ጥርሱ በፍጥነት ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ከድድ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ።

አፍን የሚያደርቁ ነገሮች ብዙ ናቸው። የደም ግፊት፣ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች ውስጥ በርካቶቹ ይህ ጠባይ አላቸው። ለጭንቅላትና ለአንገት ካንሰር የሚሰጥ የጨረር ሕክምና የምራቅ እጢዎችን ክፉኛ ይጎዳል። በአፍ መተንፈስም ያደርቃል። ጫትም አለበት፤ ሲቅሙት ማኘኩ ምራቅ ያመጣ ይመስላል፣ ውስጡ ያለው አነቃቂ ነገር ግን አፍን ያደርቃል፣ ጥርስንም ያበልዛል። ድርቀቱን ለማስታገስ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲጨመርበት ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ውሃ ይጠጡበት።

መድኃኒት ከሆነ ምክንያቱ፣ በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ብዙ ጊዜ መቀየር ወይም መጠኑን ማስተካከል ይቻላል።

በጾም ሰዓት ምንም ስለማልበላ ጥርሴ ያርፋል አይደል?

ከስኳር አዎ፣ ያርፋል። ከታርታር ግን አያርፍም። በቱቦ ብቻ የሚመገቡ፣ በአፋቸው ምንም የማይቀምሱ ሕመምተኞች ታርታር በፍጥነትና በብዛት እንደሚሠራባቸው በሕክምና የታወቀ ነው። ምግብ አፋቸው ውስጥ አልገባም፤ ምራቃቸውና ባክቴሪያው ግን አለ። ማኘክ ስለሌለ ጥርሱን የሚፈትግ ነገርም የለም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም ሆነ ከንጋት እስከ ማታ የሚጾም ሰው ምራቁ ይቀንሳል፣ ይወፍራል፤ የአፍ ጠረን የሚለወጠውም ለዚህ ነው። የዕለቱ ጾም ከመጀመሩ በፊትና ጾሙን ከፈቱ ወይም ካፈጠሩ በኋላ ጥርስን ማጽዳት ይበቃል፤ ዋናው እንዳይዘለል ነው።

እኔና እህቴ እኩል ነው የምንቦርሸው። ለምን እኔ ላይ ብቻ ይበዛል?

ምራቃችሁ አንድ ዓይነት ስላይደለ ሊሆን ይችላል። የካልሲየሙ መጠን፣ የዩሪያው መጠን፣ ድንጋይ የሚከለክሉት ፕሮቲኖች ብዛት፣ የምራቁ ፍሰት፣ ሁሉም ከሰው ሰው ይለያያል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ታርታር ይበዛል። ጥርስ ተጠጋግቶ ወይም ተደራርቦ ከበቀለ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ይበዛል። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው አንዱን ጎን ከሌላው አሳንሶ የሚቦርሽበት ጊዜም አለ፤ እስቲ ራስዎን ይታዘቡ።

የዩሪያ ነገር በግልጽ የሚታየው የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ነው። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ያለው ዩሪያ ይጨምራል፤ ምራቅ ውስጥም እንዲሁ። ስለዚህ ብዙዎቹ ላይ ታርታር ይበዛል፣ የጥርስ መበላት ደግሞ ያንሳል። እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ያለ የቤተሰብ አባል ካለዎት የጥርሱን ነገር አይርሱት። ጥርሱን በጥርስ ሐኪም ከማሳጠቡ በፊት ግን የኩላሊት ሐኪሙ ይወቅ፤ በዲያሊሲስ ጊዜ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚሰጥ ቀኑ መመረጥ አለበት።

ከድድ ሥር ያለው ጥቁሩስ? እሱም ከምራቅ ነው?

አይደለም። ምራቅ የሚሠራው ከድድ በላይ ያለውን፣ ነጭ ወይም ቢጫማውን ነው። ከድድ ሥር የተደበቀው ማዕድኑን የሚያገኘው በድድና በጥርስ መሃል ካለው ኪስ ከሚመነጨው ፈሳሽ ነው፤ ያ ፈሳሽ ደግሞ ምንጩ ደም ነው። ጠንካራ ነው፣ ሥሩ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ የደም ቀለም ስለሚገባበትም ይጠቁራል ወይም ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። መስታወት ላይ አይታይም። ድድዎ ያለምክንያት የሚደማ ከሆነ፣ ካበጠ ወይም ከጥርሱ ከሸሸ፣ ይህ ሊኖር ይችላልና ይታዩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙ ሰው ድዱ ሲደማ «እንዳላቆስለው» ብሎ ያንን ቦታ መቦረሽ ያቆማል። ድዱ የሚደማው በአብዛኛው ፕላክ ስላለበት ነው። ሲተዉት ፕላኩ ይበዛል፣ መድማቱም ይብሳል። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት አልፎም ካልቆመ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ።

መፋቂያ ታርታር ይከላከላል?

በአግባቡ ከተጠቀሙበት አዎ። ፕላክን የሚያነሳው ፍትጊያው ነው፤ የወይራ መፋቂያ ይሁን የፋብሪካ ብሩሽ ለፕላኩ ለውጥ የለውም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። መፋቂያ የሚይዝ ሰው በአብዛኛው የፊት ጥርሶቹን ከውጭ በኩል ነው የሚፍቀው፤ መንገድ እየሄደ፣ ታክሲ እየጠበቀ። ከታች ጥርሶች ጀርባና ከላይኞቹ መንጋጋዎች ጎን አይደርስም።

ጫፉን በደንብ አኝከው እንደ ብሩሽ ያለስልሱት። የፊቱን ከጨረሱ በኋላ እንጨቱን አቁመው ከታች ጥርሶች ጀርባ ያስገቡት፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፍቁ። ደረቅና ሻካራ እንጨት ድድን ስለሚያቆስል እርጥብ ይምረጡ። ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን ጥበቃ ግን መፋቂያ አይተካውም፤ ቢያንስ ማታ በብሩሽና በሳሙና ቢያጸዱ ጥሩ ነው። እንቅልፍ ላይ ስንሆን ምራቅ ከሞላ ጎደል ስለሚቆም ጥርሳችን ያለ ጠባቂ የሚያድርበት ሰዓት እሱ ነው።

በሎሚና በጨው፣ ወይም በቤኪንግ ሶዳ ቤቴ ላነሳው እችላለሁ?

ሎሚውን እባክዎ ይተዉት። ታርታርና ጥርስ የተሠሩት ከተመሳሳይ ማዕድን ነው። ታርታሩን የሚያሟሟ አሲድ ጥርሱን አይምርም። ኢናሜል ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ ሎሚ ከ2 እስከ 3 ነው። የተሸረሸረ ኢናሜል ደግሞ አይበቅልም።

ቤኪንግ ሶዳ አሲድ ስላልሆነ እንደ ሎሚ አያሟሟም። የላይ ላዩን ብልዝና ለስላሳውን ፕላክ ሊያነሳ ይችላል፣ የደነደነውን ግን አያነሳም። በመርፌ፣ በምላጭ ወይም ኦንላይን በሚሸጡ ብረቶች ራስን መፋቅም አደጋ አለው። ድድ ይቀደዳል፣ ጥርሱ ይጫራል፤ የተጫረ ጥርስ ደግሞ ፕላክን የበለጠ ይይዛል።

ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ወሬ ብዙ ሰው ጥርሱን እስኪያጣ ድረስ ከሐኪም ስላራቀ፣ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ለረጅም ጊዜ የተጠራቀመ ታርታር በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ አንዱን ከሌላው ጋር ያያይዛቸዋል። ከሥሩ ግን ድዱ በእብጠት ላይ ነው፤ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ቀስ በቀስ እየቀለጠ ሊሆን ይችላል። ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ አያውቅም። ታርታሩ ሲነሳ ጥርሶቹን አያይዞ የነበረው ይሄዳል፣ ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ክፍተት ይታያል፣ ጥርሱ ሲነካ ይወዛወዛል። ሰውየው «ደህና የነበረ ጥርሴን አነቃነቁት» ይላል። ጥርሱ ግን መያዣውን ያጣው ከዚያ በፊት ነው። ድዱ ሲድን ብዙ ጊዜ ትንሽ ጠበቅ ይላል።

ከእጥበቱ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ጥርስን መጠዝጠዙም ያለ ነው። በድንጋይ ተሸፍኖ የነበረው የሥሩ አካል ድንገት ሲጋለጥ ነው፤ በአብዛኛው ይተዋል። በንዝረት የሚሠራው ማሽን ውሃ እየረጨ ድንጋዩን ሰብሮ ያወርዳል፤ በአግባቡ ከተያዘ ኢናሜሉን አይሸረሽርም።

«ታርታር መከላከያ» የሚሉት የጥርስ ሳሙናዎች ይሠራሉ?

በመጠኑ። ብዙዎቹ ፓይሮፎስፌት ወይም ዚንክ ሲትሬት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ማዕድኑ እንዳይረጋ ይከለክላሉ፤ ፓይሮፎስፌትማ ምራቅ ውስጥም በተፈጥሮ አለ። ከድድ በላይ የሚሠራውን አዲስ ታርታር ይቀንሳሉ። የተሠራውን አያነሱም፣ ከድድ ሥርም አይደርሱም።

ያደግኩት ዝዋይ (ባቱ) ነው። ጥርሴ ላይ ያለው ቡናማ ነገር ታርታር ነው?

ላይሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ የሚሆንባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ሕፃን ሆኖ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ኢናሜሉ ራሱ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ይወጣል።

መለየቱ አይከብድም። ታርታር ጥርሱ ላይ የተደረበ ነው፤ በጥፍር ሲነካ ጉብ ይላል፣ ድዱ ጠርዝ ላይ ይበዛል። የፍሎራይዱ ቀለም ውስጡ ነው፤ ብዙ ጊዜም በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ ይታያል። እጥበት አያነሳውም። ደጋግሞ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሐኪሙን «ይህ ታርታር ነው ወይስ ፍሎራይድ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል፤ ለፍሎራይዱ ሕክምናው ሌላ ነው።

ጥርሴን በየስንት ጊዜ ልታጠብ?

«በየ6 ወሩ» የሚለው የተለመደ ነው፤ ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራ ሕግ ግን አይደለም። ድዱ ጤነኛ የሆነ፣ ታርታር ቀስ ብሎ የሚሠራበት ሰው ከዚያ በላይ ቢቆይ ችግር ላይኖረው ይችላል። የድድ ሕመም ያለበት፣ የሚያጨስ ወይም ስኳር በሽታ ያለበት ሰው በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ሊያስፈልገው ይችላል።

የእርስዎን ፍጥነት በራስዎ ማወቅ ይችላሉ። ከታጠቡ በኋላ ምላስዎን ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ያሳልፉ፤ ልስልስ ያለ ነው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ይታወቃል። በየሳምንቱ እንደዚያው ይዳስሱት። ሻካራ ሆኖ ሲያገኙት፣ በጥርሶቹ መካከል የነበረው ስርጉድም እየሞላ ሲመጣ፣ ቀኑን ይጻፉትና ለጥርስ ሐኪምዎ ያሳዩት። ቀጣዩን ቀጠሮ ሲወስን ይጠቅመዋል።